ኋላው ለተቀመጠ ላንድክሩዘር

መኪናው ባዶውን ቆሞ ጤፍ የጫነ ከመሰለ፣ ማታ ስትነዱ ከፊት የሚመጣው ሁሉ ረጅም መብራት ያበራችሁበት መስሎት የሚያብለጨልጭባችሁ ከሆነ፣ ጉድጓድ ስታልፉ ደግሞ ከኋላ "ጓ!" የሚል ድምፅ ከሰማችሁ፣ ባሌስትራው (ኋላውን የሚሸከሙት የተደራረቡ ብረቶች) ደክሟል ማለት ነው። አሞርዛተሩ አይደለም። ይሄን ከኪሴ ከፍዬ ነው የተማርኩት። አንድ ጋራዥ ሁለት አዲስ አሞርዛተር አስገዝቶ ገጠመልኝ፤ መኪናው አንድ ጣት እንኳ ከፍ አላለም። አሞርዛተር መወዛወዙን ይገታል እንጂ ክብደት አይሸከምም።

የማወራው ስለ 75 እና 78 ሞዴል ላንድክሩዘር ነው። ከ1999 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ 78 ከፊት ሞላ (ጥምዝምዝ ስፕሪንግ) ቢደረግለትም ኋላው ያው ባሌስትራ ነው። 80 ግን አራቱም ሞላ ስለሆነ የእሱ ሥራ ሌላ ነው።

መጀመሪያ ለኩ። ሜዳ ቦታ አቁሙ፣ ዕቃ አውርዱ፣ የጎማውን ንፋስ እኩል አድርጉ። ከጎማው መሀል ተነስታችሁ ቀጥ ብላችሁ እስከ ፓራፋንጎው (የጎማ መሸፈኛው) ጠርዝ ግራም ቀኝም በሜትር ለኩና ጻፉት። ከመሬት አትለኩ፣ የጎማ ማለቅ ያሳስታችኋል። ከዚያ ስር ግቡ። ጤነኛ ባሌስትራ ባዶ መኪና ላይ እንደ ታንኳ ጫፎቹ ወደ ላይ ያዘነበሉ ናቸው፤ የደከመው ጠፍጣፋ ነው፣ የባሰበት ጭራሽ ወደ ሌላው ጎን ይጎብጣል። አንዱ ጎን ብቻ ከወረደ የተሰበረ ብረት ፈልጉ። ስንጥቁ በጭቃና በዝገት ስለሚሸፈን በሽቦ ብሩሽ ሳትፈትጉ "ደህና ነው" አትበሉ።

አሁን ምርጫው። ብዙ ሰው ሶማሌ ተራ (አዲስ አበባ የመኪና ዕቃ የሚሸጥበት ሰፈር) ሄዶ አንድ ብረት ያስጨምራል። ርካሽ ነው፣ ሁልጊዜ ዕቃ ለሚጭንም ያስኬዳል፤ ባዶውን ግን መኪናው እንደ ጋሪ ያንገጫግጫችኋል፣ የደከሙት ብረቶችም እንደደከሙ ናቸው። ሌላው የደከመውን ብረት መልሶ ማስጎበጥ ነው። በቀዝቃዛው በመዶሻ የሚያስጎብጥ ባለሙያ ካገኛችሁ ለጊዜው ይሠራል። በእሳት አቅልቶ የሚቀጠቅጠውን ግን ሽሹት፤ ብረቱ ጥንካሬው የመጣው በሙቀት አያያዝ ስለሆነ በወጉ ካልተመለሰለት ይለሰልስና ብዙም ሳይቆይ ተመልሶ ይተኛል። ብየዳማ በጭራሽ! አቅም ካለ ሙሉውን፣ ሁለቱንም ጎን ባንዴ መቀየር ነው። ስትገዙም ሁልጊዜ የምትጭኑትን አስቡ። ፖርቶባጋሊያ (የጣሪያ ዕቃ መጫኛ) ላይ ጎማና ጀሪካን ተሸክሞ ኦሞ የሚመላለስና ከተማ ውስጥ ልጅ ትምህርት ቤት የሚያደርስ መኪና አንድ ዓይነት ባሌስትራ አይገባቸውም።

ራሳችሁ ልትሠሩት ካሰባችሁ ማታውኑ ብሎኖቹን ናፍጣ አጠጧቸው። ጠዋት የፊት ጎማዎቹን ከፊትም ከኋላም ታኮ አድርጉ። የእጅ ፍሬን የሚይዘው ኋላውን ስለሆነ ጎማው ከመሬት ከተነሳ ምንም አያደርግላችሁም፤ የፊት ጎማ ሎኮቹን (ጎማው መሀል ያሉትን መቆለፊያዎች) ቆልፉ፣ አራት በአራት አስገቡ፣ ማርሽም ውስጥ ተዉት። መኪናውን አንስታችሁ ሻንሲውን በጠንካራ ቋሚ ብረት ላይ አሳርፉ፣ ክሪክ ብቻውን ያለበት መኪና ስር አትግቡ። የኋላ አክስሉን (ሁለቱን ጎማ የሚያገናኘውን ወፍራም ብረት) በሁለተኛ ክሪክ ደግፉ። አንዱን ጎን ጨርሳችሁ ነው ወደ ሌላው የምትሄዱት፣ ሁለቱን ባንዴ ከፈታችሁ አክስሉ ይንሸራተትና ቀኑን ሙሉ ስትገፉ ትውላላችሁ።

የአሞርዛተሩን ታች ፍቱ፣ ባሌስትራውን ከአክስሉ ጋር ያሰሩትን ዩ ቦልቶች አውልቁ፣ ክሪኩን ከፍ ዝቅ እያደረጋችሁ ባሌስትራው ላይ ያለው ጫና ሲጠፋ ከሻንሲው ጋር የሚያያይዙትን የኋላ ማንጠልጠያና የፊት ፒን አውጡ። ፒኑ እንቢ ይላል። እኔ ግማሽ ቀን የፈጀብኝ እሱ ነው። አዲሱን ስትገጥሙ የባሌስትራው የመሀል ብሎን ራስ አክስሉ ላይ ባለው ቀዳዳ ውስጥ በትክክል መግባቱን እዩ፣ አለዚያ አክስሉ ጠማማ ይቆምና መኪናው በጎን ይሄዳል። ዩ ቦልት ከእነዳዶው አዲስ ይሁን፣ አሮጌው ተለጥጧል። ሲጠብቅም እያፈራረቃችሁ፣ ሰያፍ በሰያፍ።

ብዙ መካኒክ የሚስተው እዚህ ላይ ነው፦ የፒኑንና የማንጠልጠያውን ዳዶ መኪናው ተንጠልጥሎ እያለ አታጥብቁ። በእጅ ብቻ ያዙት፣ መኪናውን መሬት አውርዱ፣ ትንሽ ወዝውዙት፣ ከዚያ አጥብቁ። አለዚያ ውስጡ ያለው ላስቲክ (ጎሚኒው) ተጠምዝዞ ይቀርና ቶሎ ይቀደዳል።

ከኋላ አክስል ጋር በዘንግ የተያያዘ የፍሬን ቫልቭ ካለው እሱንም አስተካክሉ። ቫልቩ የጭነቱን መጠን የሚያውቀው በመኪናው ከፍታ ነው፤ ኋላው ብድግ ሲል "ባዶ ነው" ብሎ የኋላ ፍሬኑን ይቀንሳል። ጭናችሁ ቁልቁለት ስትወርዱ ይታወቃችኋል። የፊት መብራቱንም አስተካክሉ።

500 ኪሎ ሜትር ገደማ ከነዳችሁ በኋላ ዩ ቦልቶቹን ደግማችሁ አጥብቁ፣ ቁመቱንም እንደገና ለኩት። አዲስ ባሌስትራ መጀመሪያ ላይ ትንሽ ቁጭ ይላል፣ አትደንግጡ።