ለወጣቶች ማኅበር የአሜሪካ ፌዴራል ግራንት (የመንግሥት የገንዘብ ድጋፍ) ስትጠይቁ፦ ገንዘቡን የሚያስቀሩና የሚያስመልሱ ስህተቶች

የማኅበሩን ስም እንደመጣ መጻፍ። የአማርኛ ስም በላቲን ፊደል ሲጻፍ መልኩ ብዙ ነው። የምሥረታ ሰነዱ ላይ “ተስፋ” በአንድ ኤስ፣ የባንክ ስቴትመንቱ ላይ በሁለት ኤስ፣ አይ.አር.ኤስ (የአሜሪካ ግብር መሥሪያ ቤት) በላከው ደብዳቤ ላይ ደግሞ “ኢንክ” ተቀጥላበት ትገኛለች። ለእኛ ሁሉም ያው ተስፋ ነው፤ ለሳም ዶት ገቭ (የፌዴራል ግራንት ጠያቂዎች ለሚመዘገቡበት የመንግሥት ድረ ገጽ) ግን ሦስት ድርጅት ነው። ሳም ላይ ሳይመዘገቡ ደግሞ አሜሪካ ውስጥ በቀጥታ የፌዴራል ግራንት መጠየቅ አይቻልም። ስለዚህ ፕሮፖዛል ከመጀመራችሁ በፊት ሦስቱን ወረቀት ጠረጴዛ ላይ ደርድራችሁ ፊደል በፊደል አመሳክሩ። አድራሻውም ፖስታ ሣጥን አይሁን። ምዝገባው ነፃ ነው፣ በየዓመቱ ይታደሳል፤ “ክፈሉን፣ እናድስላችሁ” የሚል ኢሜይል ከመጣ አጥፉት። ገንዘቡ የሚደርሳችሁ በካውንቲ ወይም በሌላ ትልቅ ድርጅት በኩል ከሆነ ግን በከንቱ አትድከሙ፤ ሙሉ ምዝገባ ሳያስፈልግ ሳም የሚሰጠው ባለ 12 ሆሄ መለያ ቁጥር (ዩ.ኢ.አይ) ብቻ ይበቃችኋል።

በመጨረሻው ቀን ማታ መላክ። ግራንትስ ዶት ገቭ (ማመልከቻው የሚላክበት ድረ ገጽ) ማመልከቻችሁን ከተቀበለ በኋላ ፋይሉን ይፈትሻል፣ ስህተት ካገኘ ይመልሳል። ፍተሻው እስከ ሁለት የሥራ ቀን ሊፈጅ ስለሚችል ቢያንስ 48 ሰዓት ቀደም በሉ። የፋይሎቹን ስም በአማርኛ አትጻፉ፣ ሁለት ፋይልም በአንድ ስም አትጫኑ።

አሁን ወደ ዋናው። “እኛ የአድቮኬሲ (ለለውጥ የሚሟገት) ድርጅት ነን፤ ግራንቱ የተሰጠንም ለዚሁ ነው” ይባላል። ኧረ አይደለም! የተሰጣችሁ ወጣቱን እንድታሠለጥኑና እንድታሳትፉ ነው እንጂ ሕግ እንድታስለውጡበት አይደለም። የሚከተሉትን ሁለት የስልክ መልእክቶች ተመልከቱ፦ “ትምህርት ቤታችን የአእምሮ ጤና አማካሪ ለምን እንደሚያስፈልገው ቅዳሜ መጥታችሁ እንወያይ።” ይሄ ምንም ችግር የለውም። “ለስቴት ተወካያችሁ ዛሬውኑ ደውሉና ረቂቁን ደግፍ በሉት።” ይሄ ሎቢ (ሕግ አውጪዎችን ለማሳመን መሥራት) ነው። ሁለተኛዋን መልእክት የጻፈው ሠራተኛ ደመወዝም፣ መልእክቱ የተላከበት አገልግሎት ክፍያም ከግራንቱ ሊወጣ አይችልም። የፌዴራሉ የወጪ ደንብ በምርጫ፣ እንዲሁም በፌዴራልና በስቴት ሕግ አወጣጥ ላይ ተጽዕኖ ለማሳደር የሚወጣ ገንዘብን ይከለክላል፤ ሕዝቡን ቀስቅሶ ማስደወልም እዚያው ውስጥ ነው። የአንዳንድ መሥሪያ ቤቶች ውል የከተማ ምክር ቤትንም ስለሚጨምር ውሉን አንብቡ። ሕግ አውጪው ምክር ቤት ራሱ ማስረጃ አቅርቡ ብሎ ከጠየቃችሁ ሌላ ነገር ነው፤ ቢሆንም ጥያቄውን በጽሑፍ ሳትቀበሉና ፋይል ሳታደርጉ እግራችሁን እንዳታነሡ።

ይሄን ሲሰሙ ደንግጠው አፋቸውን የሚዘጉም አሉ፣ ያም ስህተት ነው። 501 ሲ 3 (ከግብር ነፃ የበጎ አድራጎት ድርጅት) የሆነ ማኅበር በራሱ ገንዘብ፣ ማለትም ከአባላት መዋጮ ወይም ከገቢ ማሰባሰቢያ እራት ባገኘው፣ በልክ ሎቢ ማድረግ ይችላል። ፎርም 5768 ሞልታችሁ አይ.አር.ኤስ ካስገባችሁ ልኩ በቁጥር ይታወቃል፦ ከመጀመሪያው 500,000 ዶላር ዓመታዊ ወጪ 20 በመቶ። ወጪያችሁ 200,000 ከሆነ 40,000 ድረስ ማለት ነው፤ ከዚያ ውስጥ ሕዝብ ለመቀስቀስ የሚውለው ከ10,000 አይብለጥ። ዕጩ መደገፍ ግን በማንም ገንዘብ አይቻልም።

አሜሪኮር (የፌዴራል መንግሥቱ የማኅበረሰብ አገልግሎት ፕሮግራም) የሚመድባቸው ወጣቶች ካሏችሁ ገመዱ ይጠብቃል። በአገልግሎት ሰዓታቸው መራጭ መመዝገብ፣ ፊርማ ማሰባሰብ፣ ሰልፍ ማደራጀት አይችሉም። በራሳቸው ሰዓት መብታቸው ነው፤ የአሜሪኮርን ምልክት ግን ያውልቁ።

ይሄ ሁሉ የሚለየው በታይምሺት (በሥራ ሰዓት መመዝገቢያ) ነው። ወሩ ሲያልቅ ቁጭ ብሎ በየቀኑ “ስምንት፣ ስምንት” መሙላት፣ ወይም በጀቱ 50 በመቶ ስለሚል ታይምሺቱንም 50 በመቶ ማድረግ ዋጋ የለውም፤ ደንቡ የሚጠይቀው የተሠራውን ነው። እንዲህ ይሁን፦ ማክሰኞ፣ 4 ሰዓት የወጣቶች ሥልጠና፣ ከግራንቱ፤ 3 ሰዓት ስቴት ምክር ቤት፣ ከራሳችን፤ 1 ሰዓት የቦርድ ሪፖርት፣ አስተዳደር። የዕለቱን በዕለቱ።

የማኅበሩ ስም የታተመበት ስጦታና ማስታወሻ ዕቃ፦ ለማስተዋወቂያ ከሆነ ከግራንቱ አይገዛም።

የአስተዳደር ወጪን ከጠቅላላው በጀት ላይ ማስላት። ከኦክቶበር 1 ቀን 2024 ጀምሮ፣ ከመንግሥት ጋር የተደራደረበት ተመን የሌለው ድርጅት እስከ 15 በመቶ መውሰድ ይችላል፤ ቀድሞ 10 ነበር። ሂሳቡ ግን የሚሠራው ለሠልጣኞች የሚከፈል አበልና ትራንስፖርት፣ ኪራይና ትልልቅ መሣሪያ ከተቀነሱ በኋላ ነው። ቀጥተኛ ወጪያችሁ 100,000 ሆኖ 30,000ው የወጣቶች አበል፣ 10,000ው የቢሮ ኪራይ ከሆነ 15 በመቶው የሚሰላው ከ60,000 ላይ ነው። የሚደርሳችሁ 9,000 እንጂ 15,000 አይደለም።

በመጨረሻ የምግቡ ደረሰኝ። ለሥልጠና ቀን ምሳ በውሉ ከተፈቀደ ይያዛል፤ “በያይነቱ፣ 40 ሰው” የሚል ደረሰኝ ብቻውን ግን አይበቃም። የዕለቱን ፕሮግራምና የተሳታፊዎችን ፊርማ አያይዙበት። ቢራ ወይም ጠጅ ከተጠጣ ለብቻው ይከፈል፤ መጠጥ ከግራንት አይወጣም። ገንዘብ ያዡ በግል ዜል (በስልክ ገንዘብ መላኪያ) ከፍሎ በኋላ እንዲመለስለት አታድርጉ፤ ከማኅበሩ አካውንት ይክፈል። ወረቀቶቹን የመጨረሻው የገንዘብ ሪፖርት ከገባ በኋላ 3 ዓመት አስቀምጡ፤ የቦርድ አባል በተቀየረ ቁጥር ቤት ለቤት የሚዞር ካርቶን ውስጥ ሳይሆን፣ ሁላችሁም በምትከፍቱት አንድ ፎልደር ውስጥ።