ኢንሹራንስ ከፍሎ ለሱስና ለድባቴ ተኝቶ መታከም፦ አሜሪካ ላይ እንዴት እንደሚደረግ

ታናሽ ወንድሜ ሜሪላንድ ውስጥ ለመጠጥና ለድባቴ ተኝቶ የታከመው በሁለተኛው ሙከራ ነው። በመጀመሪያው ኢንሹራንሱ አልፈቀደም። ለመከልከሉ ምክንያት የሆንኩት እኔ ነኝ። ክፉ አስቤ አይደለም፤ ገበናውን ልሸፍንለት ብዬ ነው። ሦስተኛው ደረጃ ላይ ስንደርስ በዝርዝር እነግራችኋለሁ። ይህን የምጽፈውም በዋናነት ለዚያ ክፍል ስል ነው።

ሰውዬው "ብሞት ይሻለኛል" እያለ ከሆነ ግን ማንበቡን ተዉትና 988 (ራስን የማጥፋት ሐሳብ ላለበት ሰው የሚረዳ የስልክ መስመር) ደውሉ። ቀንም ሌሊትም ይሠራል፣ አስተርጓሚ መጠየቅም ይቻላል። ነገሩ አሁኑኑ የሚያሰጋ ከሆነ 911 ወይም ቅርብ ያለ ኢመርጀንሲ ነው። ከ1986 ጀምሮ ባለው ሕግ ኢመርጀንሲ ክፍል የመጣውን ሰው መርምሮ ማረጋጋት ግዴታው ነው፤ ኢንሹራንስ ኖረው አልኖረው። የገንዘቡ ነገር ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

1. መጠጡን በራሳችሁ በአንድ ቀን አታስጥሉት

እኛ ቤት የመጀመሪያው ሐሳብ "በር ቆልፈን እናስተወው" የሚል ነበር። ለዓመታት በየቀኑ የጠጣ ሰው በድንገት ሲያቆም ግን ሰውነቱ ይናወጣል። እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ላብ ያሰምጠዋል። ካቆመ ከ6 እስከ 48 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ እንደሚጥል በሽታ ሊጥለው ይችላል። ከሁለተኛው እስከ አራተኛው ቀን ደግሞ ግራ መጋባትና የሌለ ነገር ማየት ሊመጣ ይችላል። ይህ ሁኔታ ሰውን ሊገድል ይችላል። ዲቶክስ የሚባለው ሐኪም ባለበት፣ በመድኃኒት እየተረጋጋ እነዚህን ቀናት እንዲያልፍ ማድረግ ነው።

እናታችን "መጀመሪያ ሰባት ቀን ጸበል ይግባ" ብላ ነበር። የንስሐ አባታችን ናቸው የገላገሉን። "ሐኪሙንም ጸበሉንም የሰጠ አንድ ነው፤ አስቀድማችሁ ሐኪም ጋ ውሰዱት" አሏት። እናንተም ቤት ይህ ክርክር ከተነሳ ቄሱን ጠይቁ። ከእናንተ ቃል የእሳቸው ይሰማል።

2. ካርዱን ገልብጡና ደውሉ

የኢንሹራንሱ ካርድ ጀርባ ላይ "ቢሄቪየራል ሄልዝ" (የአእምሮና የሱስ ሕክምና) የሚል ቁጥር ካለ እሱ ላይ፣ ከሌለ የአባላት አገልግሎት የሚለው ላይ ደውሉ። ሰውዬው ራሱ አጠገባችሁ ሆኖ "ከእህቴ ጋር አነጋግሩኝ" ካላለ አያናግሯችሁም።

ስትደውሉ እንደ ለማኝ አትሁኑ። ከ2008 ጀምሮ ባለው ሕግ፣ የአእምሮና የሱስ ሕክምናን የሚሸፍን ፕላን (የኢንሹራንስ ውል) በእነዚህ ላይ ከሌላው ሕመም የበለጠ ማጥበቅ አይችልም። በ2010 የወጣው ኦባማኬር የሚባለው ሕግ ደግሞ በማርኬትፕሌስ (መንግሥት ባቋቋመው የኢንሹራንስ ገበያ) የሚሸጡ ፕላኖች ሁለቱንም እንዲሸፍኑ ያስገድዳል። "በሽታው ቀድሞ የነበረ ነው" ብሎ መከልከልም በእሱ ቀርቷል። ልጃችሁ 26 ዓመት ካልሞላው በእናንተ ፕላን ውስጥ መቆየት ይችላል።

የምትጠይቁት ይህን ነው፦ ተኝቶ ሕክምና ይሸፈናል ወይ? ቅድመ ፈቃድ ያስፈልገዋል ወይ? ከዲደክተብሉ (ኢንሹራንሱ መክፈል ከመጀመሩ በፊት ከኪሴ ከምከፍለው) ስንት ቀረ፣ በዓመት ከኪሴ የምከፍለው ጣሪያውስ ስንት ነው? ኔትወርክ ውስጥ ካሉት (ከኢንሹራንሱ ጋር ውል ካላቸው) ቦታዎች ሱስንና ድባቴን አንድ ላይ የሚያክመው የቱ ነው? ያናገራችሁን ሰው ስም፣ ቀኑን፣ የጥሪውን መለያ ቁጥር ጻፉ። እኔ በመጀመሪያ ስልኬ ላይ እመዘግብ ነበር፤ ተበታተነብኝ። ባለ ሁለት ዶላር ደብተር ከየትኛውም አፕ ይሻላል።

ኢንሹራንስ ከሌለው ሜዲኬይድ (ገቢው ዝቅተኛ ለሆነ ሰው መንግሥት የሚሰጠውን ኢንሹራንስ) ሞክሩ። ዓመቱን ሙሉ ማመልከት ይቻላል። ሜሪላንድ፣ ቨርጂኒያና ዲሲ ገቢያቸው ዝቅተኛ የሆኑ አዋቂዎችንም ያስገባሉ። ሥራ ለቆ ኢንሹራንሱ ከተቋረጠ ደግሞ ማርኬትፕሌስ ላይ ለመግዛት 60 ቀን አለው። ቀኑ ሳያልፍ።

ቦታውን በጉግል አትፈልጉ። ላይ ላይ የሚመጡት ማስታወቂያዎች ናቸው፤ ከጀርባቸው በሽተኛ እያሻሻጡ ኮሚሽን የሚበሉ ደላሎች ያሉባቸው ሞልተዋል። ይሄ በ2018 በወጣ የፌዴራል ሕግ ወንጀል ሆኗል፤ ግን አልጠፋም። "የአውሮፕላን ትኬቱን እኛ እንቆርጣለን፣ ፍሎሪዳ ይምጣ" ካሏችሁ ስልኩን ዝጉ። የመንግሥቱ ነፃ መስመር 1-800-662-4357 ነው፤ 24 ሰዓት ይሠራል። አያክሙም፤ አካባቢያችሁ ያሉትን ቦታዎች ግን ይነግሯችኋል። ያንን ከኢንሹራንሱ ዝርዝር ጋር አመሳክሩ፤ ከዚያ ቦታው ጋ ራሱ ደውላችሁ ዛሬም ይህን ኢንሹራንስ እንደሚቀበሉ አረጋግጡ።

3. ምርመራው፦ "ደህና ነኝ" የሚያስከፍለው ዋጋ

አልጋ ከመሰጠቱ በፊት አንድ ነርስ ወይም ካውንስለር ሰዓት የሚፈጅ ጥያቄ ይጠይቃል። ሁሉም ነገር የሚወሰነው እዚህ ነው።

የእኛ እንዲህ ሆነ። ወንድሜ እንግሊዝኛ ለሥራው የሚበቃውን ያህል ይችላል፤ ሆዱን ለመናገር ግን አይበቃውም። ስለዚህ እኔ አጠገቡ ተቀምጬ አስተረጉም ጀመር። ነርሷ "በቀን ምን ያህል ይጠጣል?" አለች። እሱ ጫማውን እያየ "አንድ ጠርሙስ ቮድካ ሁለት ቀን አያደርሰኝም" አለኝ። እኔ "ማታ ማታ ትንሽ ይጠጣል" ብዬ ተረጎምኩ። "ራሱን ለመጉዳት አስቦ ያውቃል?" አለች። ዝም አለ፤ ከዚያ ቀስ ብሎ "ስተኛ ባልነቃሁ እላለሁ" አለ። ጆሮዬ ሰምቷል። አፌ ግን "በጣም ደክሞታል" አለ። መጨረሻ ላይ "አሁን እንዴት ነህ?" ስትለው ቀና ብሎ ፈገግ አለና ራሱ በእንግሊዝኛ "ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን" አላት። እሷም የሰማችውን ጻፈች።

በሁለተኛው ቀን መልስ መጣ። "በተመላላሽ ሊታከም ይችላል፤ ተኝቶ መታከሙ አስፈላጊ ሆኖ አልተገኘም።" ለተጻፈው ወረቀት ትክክለኛ መልስ ነበር። ወንድሜ ግን ወረቀቱ ላይ አልነበረም።

የኢንሹራንሱ ሐኪም በሽተኛውን አያየውም። የሚያየው የተጻፈውን ብቻ ነው። ለሱስ አብዛኛውን ጊዜ የሚመዝኑት አሳም በሚባል መስፈርት ነው፦ ሲያቆም ምን ያህል አደጋ አለው? ሌላ የአካል ሕመም አለበት ወይ? አእምሮው እንዴት ነው? ቤት ብንመልሰው ይጠጣል ወይ? ቤቱስ ለመዳን ይመቻል ወይ? ከእነዚህ ላይ መልስ ካልተጻፈ "አያስፈልገውም" ማለት ይቀላቸዋል።

ለሁለተኛው ጊዜ ስንሄድ ከዋዜማው ቁጭ ብለን አንድ ገጽ በአማርኛ ጻፍን። በቀን ስንት እንደሚጠጣ፣ መጨረሻ የጠጣው መቼ እንደሆነ። ለማቆም ስንቴ እንደሞከረና ያኔ ምን እንደሆነ። እኛ ጋ አንዴ ኩሽና ውስጥ ወድቆ ተንፈራግጦ ነበር፤ በመጀመሪያው ቀን ትንፍሽ አላልንም። ራስን ስለመጉዳት ያሰበውን፣ ቤት ውስጥ መሣሪያ ወይም የተከማቸ ክኒን መኖር አለመኖሩን። አብረውት ከሚኖሩት የሚጠጣ እንዳለ። በመጠጡ የተነሳ ያጣውን ሥራ።

ድባቴውን ስትናገሩ "ከፍቶታል" በቂ አይደለም። እኛ ሐዘናችንን በሰውነት ነው የምናወራው፤ "ደረቴን ያቃጥለኛል፣ ራሴን ይከፍለኛል" እንላለን፤ እነሱም የጨጓራ መድኃኒት ይሰጡናል። ስንት ሰዓት እንደሚተኛ፣ ስንት ኪሎ እንደቀነሰ፣ ከሰው ጋር መብላት መቼ እንደተወ ንገሯቸው። ከሁለት ሳምንት በላይ አብዛኛውን ቀን እንዲህ ከሆነ ያንን በቀጥታ ተናገሩ፤ ሐኪሞች ድባቴን የሚለዩበት አንዱ መለኪያ ይህ ጊዜ ነው።

አታጋንኑም። የዲቶክስ መድኃኒቱ መጠን የሚወሰነው ከምትናገሩት ተነስተው ስለሆነ ውሸት እሱን ራሱን ይጎዳዋል። የደምና የሽንት ምርመራም አለ። እውነቱ ብቻውን ይበቃል።

ሌላው፦ እናንተ አታስተርጉሙ። እባካችሁ። ከፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል ነፃ አስተርጓሚ ማቅረብ ግዴታው ነው። በር ላይ "አማርኛ አስተርጓሚ እፈልጋለሁ" በሉ። ወንድሜ "አበሻ ከሆነ ወሬው ቤተ ክርስቲያን ይደርሳል" ብሎ ፈርቶ ነበር። በስልክ የምታስተረጉም ሴት መጣች፤ የት ሆና እንደምታወራ እንኳ አላወቅንም፤ ምስጢር የመጠበቅ ግዴታም አለባት። እኔ ኮሪደር ላይ ጠበቅኩ። ሲወጣ ዓይኑ ቀልቷል። "ሁሉንም ነገርኳት" አለኝ።

4. ፈቃዱ ሲመጣ

28 ቀን በአንዴ ይፈቅዳሉ ብላችሁ አትጠብቁ። ጥቂት ቀን ይሰጣሉ፣ ከዚያ እንደገና ገምግመው ይጨምራሉ ወይም ያቆማሉ። ከድባቴ ብቻ ተነስቶ ሆስፒታል መተኛት ብዙ ጊዜ ቀናት ነው፤ ረዘም የሚለው የሱሱ ማገገሚያ ነው። ስለዚህ ከኬዝ ማናጀሩ (እዚያ ጉዳዩን ከሚከታተለው ሠራተኛ) ጋር ተዋወቁ፤ የቀጣዩ ግምገማ ቀን መቼ እንደሆነ ሁልጊዜ ጠይቁ። እግረ መንገዳችሁንም ናልትሬክሶን ወይም አካምፕሮሴት ለእሱ ይስማማው እንደሆነ ሐኪሙን ጠይቁ። የመጠጥ አምሮትን ለመቀነስ የሚሰጡ መድኃኒቶች ናቸው፤ ካልጠየቃችሁ የማያነሱላችሁ ቦታዎች አሉ።

ዕቃ መሸከፉን ታውቁታላችሁ። አልኮል ያለበት የአፍ መጉመጥመጫና ገመድ ያለው ሹራብ ግን ተዉት፤ ይወስዱባችኋል።

5. እምቢ ካሉ

ደብዳቤው የመጨረሻ ቃል አይደለም። መጀመሪያ የሚያክመው ሐኪም ለኢንሹራንሱ ሐኪም ደውሎ በቀጥታ እንዲነጋገር ጠይቁ። በዚህ ብቻ የሚፈታ ብዙ ነው፤ እኔ በዕድሜዬ ካየሁት ስልክ ሁሉ ይህኛው የ15 ደቂቃ ጥሪ ይበልጥብኛል።

ካልሆነ አፒል (ይግባኝ) አለ። ከተከለከላችሁበት ቀን ጀምሮ 180 ቀን አላችሁ፤ ነገሩ አስቸኳይ ከሆነ ግን "አስቸኳይ አፒል" በሉ፣ በ72 ሰዓት ውስጥ መልስ መስጠት አለባቸው። የመዘኑበትን መስፈርትና ፋይሉን በነፃ እንዲሰጧችሁ ጠይቁ። ከዚያ መስፈርቱን አንድ በአንድ እያነሳችሁ መልሱ። "ቤተሰባችን ተጨንቋል" የሚል ደብዳቤ ማንንም አያንቀሳቅስም። "በዚህ ቀን ማቆም ሞክሮ ጥሎታል" የሚለው ያንቀሳቅሳል።

ውስጥ ለውስጥ እምቢ ካሉ ውጭ ያለ ገለልተኛ መርማሪ እንዲያየው መጠየቅ ይቻላል፤ አራት ወር ጊዜ አለ። እሱ የወሰነውን ኢንሹራንሱ መቀበል ግዴታው ነው። ሜሪላንድ ውስጥ የአቃቤ ሕግ ቢሮው አፒል በመጻፍ በነፃ የሚረዳ ክፍል አለው። ፕላኑ የሕክምናውን ወጪ ኢንሹራንስ ኩባንያ ሳይሆን አሠሪው ድርጅት ራሱ የሚከፍለው ዓይነት ከሆነ የሠራተኛ ሚኒስቴሩ 1-866-444-3272 ላይ ይደወላል።

6. ሥራውና ምስጢሩ

ድርጅቱ 50 ሠራተኛና ከዚያ በላይ ካለው፣ እሱም 12 ወር ቆይቶ ባለፈው ዓመት 1,250 ሰዓት ከሠራ፣ ያለ ደመወዝ እስከ 12 ሳምንት ፈቃድ ይሰጠዋል፤ ሥራውም ይጠበቅለታል። ፈቃዱ ለሕክምናው ነው፤ ጠጥቶ ለቀረበት ቀን አይደለም። ስለዚህ ከመግባቱ በፊት ወረቀቱ ይሞላ። ለአለቃው "ሕክምና ላይ ነኝ" ማለት ይበቃል። ዝርዝሩን ሐኪሙ ፎርሙ ላይ ይሞላል።

በወላጆቹ ኢንሹራንስ ያለ ልጅ ከሆነ የሒሳቡ ማብራሪያ ደብዳቤ ወላጆቹ ቤት ነው የሚሄደው። በሌላ አድራሻ እንዲላክ ቀድሞ መጠየቅ ይችላል።

7. የመውጫው ቀን

ያለ ቀጠሮ እንዳይወጣ። ቀኑና ሰዓቱ የተጻፈ የተመላላሽ ቀጠሮ፣ በሚቻል ሁሉ በመጀመሪያው ሳምንት ውስጥ፤ መድኃኒቱም ከመውጣቱ በፊት እጁ ላይ። አርብ ማታ ወጥቶ ፋርማሲው ተዘግቶ ቢያገኘው እስከ ሰኞ ረጅም ነው።

ወንድሜ ሊወጣ ሲል በዋዜማው ከእናታችን ጋር ቁምሳጥኖቹን ሁሉ ከፈትን። ከማድጋው በስተጀርባ ሁለት፣ ከክረምት ጃኬቱ ኪስ አንድ ትንሽ ጠርሙስ ተገኘ። ለእንግዳ ብላ ከአገር ያስመጣችው አረቄ ብቻ ቀረ። ትንሽ አየችው፤ ከዚያ ክዳኑን ከፍታ እሱንም ሲንኩ ውስጥ ደፋችው። ቀጠሮው ሐሙስ ጠዋት ነበር፤ የመኪናዬን ቁልፍ ከወረቀቱ ጋር በሩ አጠገብ ሰቀልኩት።