የውሃ መረጃ ሰብሳቢ ቡድን፦ ምልክቱ፣ ምክንያቱና መፍትሄው

የውሃ ተቋማት ቆጠራን የሚመራ ሱፐርቫይዘር ትልቁ ሥራው ማታ ነው። ቀን ቡድኑ ይዞራል። ማታ የተላከውን መረጃ ቁጭ ብሎ ማየት የእሱ ፋንታ ነው። ስህተቱ በዚያው ምሽት ከተገኘ ጠዋት ተመልሶ ማረም ይቻላል። ቡድኑ ከወረዳው ከወጣ በኋላ ግን የሚመለስበት ነዳጅም አበልም አይገኝም። በአገራችን ገጠር ደጋግመው የሚታዩት ችግሮች እነዚህ ናቸው።

«አይሰራም» የተባሉ ተቋማት በዙ

ፓምፑን ከመጠርጠር በፊት ቅጹ የተሞላበትን ሰዓት እዩ። ብዙ የእጅ ፓምፖችና ቦኖዎች አጥር አላቸው። የሚከፈቱትም ጠዋትና ወደ ማታ ነው። መረጃ ሰብሳቢው እኩለ ቀን ላይ ደርሶ ቁልፍ ሲያይ «አይሰራም» ብሎ ያልፋል።

መፍትሄው ጥያቄውን መከፋፈል ነው። አሁን ውሃ ይወጣል? ካልወጣ ተቆልፎ ነው፣ ተበላሽቶ ነው ወይስ ነዳጅ ወይም መብራት ጠፍቶ? ከመቼ ጀምሮ? ቁልፍ ያዡ እንዲገኝም በቀበሌው በኩል ከአንድ ቀን በፊት መልእክት ይድረሰው።

ሌላም ምክንያት አለ። ታብሌት የያዘ እንግዳ ሲመጣ ሰው ፕሮጀክት መጣ ብሎ ተስፋ ያደርጋል። ያኔ የሚሰራውም «ተበላሽቷል» ይባላል። ይህ ውሸት ነው ብሎ መቆጣት ተገቢ አይደለም። ውሃ የተቸገረ ሰው የሚያደርገው ነው። ቡድኑ ገና ሲደርስ የመጣው ለመመዝገብ ብቻ እንደሆነ በግልጽ ይናገር። ከዚያ ፓምፑን ራሱ ይሞክረው።

ዓመቱና ሰዓቱ አልገጥም አለ

ይህ ከሁሉም በላይ መረጃ ያበላሻል። ምክንያቱም ብዙ ጊዜ ስህተት አይመስልም። «የተሠራው በ2008» ተብሎ ተሞላ እንበል። በእኛ ከሆነ በፈረንጅ 2015 ወይም 2016 ነው። በፈረንጅ ከሆነ ግን ጉድጓዱ ሰባት ስምንት ዓመት አርጅቷል ማለት ነው። ገና ያልደረስንበት ዓመት ከተጻፈ የፈረንጅ መሆኑ ወዲያው ይታወቃል። አደገኛዎቹ በሁለቱም አቆጣጠር የሚያስኬዱት ናቸው።

ሜዳ ላይ በእኛ አቆጣጠር ብቻ ይሞላ። ለውጡ ቢሮ ውስጥ በአንድ ሰው ይሠራ። የውሃ ኮሚቴው ዓመቱን ካላስታወሰ «ከሚሊኒየሙ በፊት ነው ወይስ በኋላ?» ብሎ መጠየቅ ያግዛል። የ2000 ዓ.ም. መባቻን ብዙ ሰው ያስታውሰዋል። ሰዓትም እንዲሁ ነው። ሰዎቹ «ሁለት ሰዓት ላይ ይከፈታል» ሲሉ ታብሌቱ ላይ 8 ሰዓት መሆን አለበት። ቅጹ ውስጥ «ጠዋት፣ ከሰዓት፣ ማታ» የሚል ምርጫ ጨምሩ።

ነጥቦቹ ካርታ ላይ ቦታቸውን ሳቱ

ሁሉም ነጥብ ወደ አንድ አቅጣጫ በእኩል ርቀት ከተገፋ ጥፋቱ የሰው አይደለም፣ የመሣሪያው ቅንብር ነው። የድሮ የቶፖ (የመሬት ገጽታ) ካርታዎቻችን አዲንዳን በሚባል የቦታ መለኪያ መነሻ (ዳተም) የተሠሩ ናቸው። ስልክና ታብሌት ግን ደብልዩ ጂ ኤስ 84 የሚባለውን ሌላ መነሻ ይጠቀማሉ። ሁለቱ ከተደባለቁ ነጥቡ ከ100 ሜትር በላይ ይርቃል። በዩ ቲ ኤም (ዓለምን በዞን ከፍሎ ቦታን በሜትር በሚያሰፍረው ሥርዓት) የምትሠሩ ከሆነ ደግሞ አብዛኛው አገራችን ዞን 37 ሲሆን ጋምቤላ 36፣ ጅግጅጋ 38 ነው። በዲግሪ መመዝገብ ከዞኑ ጣጣ ያድናል።

ነጥቦቹ ከተማ ውስጥ፣ ቡድኑ ያደረበት ሆቴል አካባቢ ከተሰበሰቡስ? ቅጹ የተሞላው ማታ አልጋ ላይ ነው። ወደ እሱ እመጣለሁ።

የምንጩም የፓምፑም ውሃ መጠን አንድ ሆነ

«20 ሊትር በ60 ሰከንድ» የሚል ተደጋግሞ ካያችሁ በግምት ተሞልቷል። ጀሪካኑ ለመሙላት የሚፈጀው ጊዜ ሦስት ጊዜ ይለካ፤ ሦስቱም ቁጥር ለየብቻ ይመዝገብ። አማካዩን ቅጹ ራሱ ያስላው። ጀሪካኑንም ፈትሹ። 25 ሊትር የሚይዘውን እንደ 20 ከቆጠራችሁ የውሃው መጠን በአንድ አምስተኛ ያንሳል።

የጉድጓዱ ውሃ በድንገት የወረደ መሰለ

ያለፈው ቡድን ከመሬት ለክቶ የአሁኑ ከቧንቧው አፍ ለክቶ ይሆናል። ወይም ፓምፑ ገና አሁን ቆሟል። መለኪያውን ቦታ በቀለም ምልክት አድርጉ፣ ከመሬት ያለውን ከፍታም ጻፉ። ውሃው ወደ ቦታው እስኪመለስ ጠብቁ፤ በሁለት ተከታታይ ልኬት መካከል ለውጥ ከሌለ ተመልሷል።

የክሎሪን ቅሪት (ከታከመ ውሃ ውስጥ የቀረው ክሎሪን) ደግሞ ቦታው ላይ ካልተለካ ባይለካ ይሻላል። ጠርሙስ ውስጥ እየቀነሰ ይሄዳልና።

አንዱ ከሌሎቹ እጥፍ ፈጠነ

ቅጹ የተጀመረበትንና ያለቀበትን ሰዓት ኮቦ (ቅጹ በታብሌት የሚሞላበት መተግበሪያ) ራሱ ይይዛል። ቃለ መጠይቁ በጥቂት ደቂቃ ካለቀ፣ ወይም ነጥቡ ሆቴል ላይ ከሆነ፣ ልጁን በሰው ፊት አትክሰሱት። ለብቻው ጠርታችሁ ቀኑን እንዴት እንዳሳለፈ ጠይቁት። መኪናው የማይደርስበት ጎጥ ተሰጥቶት ሊሆን ይችላል። አበሉ ዘግይቶ ምሳ ሳይበላ ውሎም ይሆናል። ክፍያው በተሞላው ቅጽ ብዛት ከሆነ ደግሞ ፍጥነቱን የገዛችሁት እናንተው ናችሁ። ክፍያ በቀን ይሁን፤ የቀኑ ዕቅድም የእግር መንገዱን ቆጥሮ ይውጣ።

ከዚያ በኋላም ከደገመ ውሳኔው ቀላል ነው። የሞላቸው ሁሉ በሌላ ሰው እንደገና ይጎብኙ፤ እሱም ከሥራው ይውጣ። ያልተጎበኘ ምንጭ «ደህና ነው» ተብሎ ከተመዘገበ የጥገና በጀት ሲመደብ ያ መንደር ይዘለላል።

እርማት ስትሠሩ የመጀመሪያውን መዝገብ አታጥፉት። አዲሱን ቁጥር ከጎኑ አስገቡ፤ ማን፣ መቼ፣ ለምን እንደቀየረውም ይጻፍ።