ረጅም ፀጉር ይዞ ኳስ ለመጫወት፦ ምን ይፈቀዳል፣ ምን ይወልቃል፣ እንዴት ይታሰራል

የእግር ኳስ ሕግ ስለ ፀጉር ርዝመት የሚለው አንድም ነገር የለም። ሕጉን የሚያወጣው ዓለም አቀፍ ቦርድ፣ አይፋብ፣ ስለ ተጫዋች ትጥቅ በሚናገረው ሕግ 4 የሚከለክለው ራስን ወይም ሌላውን ተጫዋች ሊጎዳ የሚችል ነገር መልበስን ነው። ድሬድ፣ ሹሩባ፣ ጎፈሬ፣ ትከሻ ላይ የወረደ ሉጫ ፀጉር በዚህ ሕግ ፊት እኩል ናቸው። ስለዚህ «ፀጉርህን ካልተቆረጥክ አትሰለፍም» የሚል አሰልጣኝ የሚናገረው የራሱን ምርጫ እንጂ ሕጉን አይደለም።

ምርጫው ደግሞ ዋጋ ያስከፍላል። ዳንኤል ፓሳሬላ ከ1994ቱ (እ.ኤ.አ.) የዓለም ዋንጫ በኋላ የአርጀንቲናን ብሔራዊ ቡድን ሲረከብ ረጅም ፀጉርና የጆሮ ጌጥ ከለከለ። ባቲስቱታ ፀጉሩን አሳጠረ። ፈርናንዶ ሬዶንዶ ግን አልቆረጥም አለ፤ በ1998 ከሪያል ማድሪድ ጋር የአውሮፓን ዋንጫ ያነሳው አማካይ በዚያው ዓመት በፈረንሳዩ የዓለም ዋንጫ ለአገሩ ሳይሰለፍ ቀረ። ለታዳጊ ቡድን ጉዳቱ ከዚህ ይብሳል፤ ሹሩባዋን ፍቺ የተባለች ልጅ ብዙ ጊዜ ኳሱን ነው የምትተወው። ርዝመቱ ይፈቀድ። ጥብቅ ቁጥጥር የሚያስፈልገው ፀጉር ውስጥ ለተሰካው ጠንካራ ነገርና ዓይን ላይ ለሚወርደው ፀጉር ነው።

ከሜዳ በፊት የሚወልቀው

ዶቃ፣ ዛጎል፣ የብረት ቀለበት፣ ሹል የፀጉር ሽቦ፣ ጥርስ ያለው የፕላስቲክ መቆንጠጫ ሁሉ ይውጣ። ሁለት ተጫዋቾች ለቴስታ አብረው ሲዘሉ ጭንቅላት ከጭንቅላት ይጋጫል፤ በመካከል አንዲት ዶቃ ካለች ቅንድብ ትሰነጥቃለች። በፕላስተር መሸፈን መፍትሔ አይሆንም፤ ሕጉ ጌጥን በፕላስተር መሸፈንን በግልጽ ይከለክላል።

ብዙዎች የሚዘነጉት አንድ ነገር አለ። መጠባበቂያ የፀጉር ላስቲክ አንጓ ላይ አድርጎ መግባት የተለመደ ነው። ሕግ 4 ከሚከለክላቸው ጌጦች መካከል ግን ከቆዳና ከላስቲክ የተሠራ የእጅ ማሰሪያም ተጠቅሷል፤ ዳኛው ሊያስወልቃችሁ ይችላል። መጠባበቂያውን ለሕክምና ባለሙያው ወይም ለተቀያሪ ተጫዋች ስጡ።

በዊግ የተሠራ ሹሩባ ካላችሁ ጫፉን በጣታችሁ ዳስሱ። ጫፉ እንዳይፈታ በእሳት ከተተኮሰ ዊጉ ቀልጦ እንደ ጠጠር ይደርቃል፤ ስትዞሩ የአጠገባችሁን ሰው ዓይን ይመታል። ፀጉር ሠሪዋን ጫፉን ሙቅ ውኃ ውስጥ ነክራ እንድታስይዘው ጠይቁ። የተተኮሰ ካለ ጠጠር የሆነውን ቆርጣችሁ ጣሉ።

አስተሳሰር

ለኳስ ከሁሉም የሚሻለው ከግንባር ወደ ኋላ፣ ራስ ላይ ተጣብቆ የተሠራ ሹሩባ ነው። አይወዛወዝም፣ ዓይን ላይ አይወርድም፣ ኳሱ ግንባር ላይ ሲያርፍም የሚያንሸራትተው ነገር የለም። ከ6 እስከ 10 መስመር ይበቃል፤ ቀጭንና ብዙ በሆነ ቁጥር የራስ ቆዳን ይበልጥ ይጎትታል። የምትሠሩት ከጨዋታው 2 ወይም 3 ቀን ቀደም ብላችሁ ይሁን። በዋዜማው የተሠራ ሹሩባ ላብ ሲነካው ያቃጥላል፤ ጭንቅላቱ የሚያመው ተጫዋች ደግሞ ከቴስታ ይሸሻል።

መጥበቁን የምታውቁት ቅንድባችሁን ወደ ላይ በማንሳት ነው። ካመመ ጠብቋል። በግንባር ዳርና በጆሮ ግንድ ላይ ትናንሽ ብጉር ከወጣ ፀጉሩ ከሥሩ እየተነቀለ ስለሆነ ያንኑ ቀን ፍቱት። እየታየ በዚያው ከቀጠለ የግንባር ዳሩ ፀጉር ተመልሶ ላይበቅል ይችላል።

ሹሩባ የማይሠራ ሰው እንዲህ ይሰር። ፀጉሩን ወደ ኋላ ሰብስቦ ከማጅራት ከፍ፣ ከአናት ዝቅ ባለ ቦታ በጨርቅ የተሸፈነ ላስቲክ ያስራል፤ ለብር ማሰሪያ የሚሆነው ቀጭን ላስቲክ ፀጉር ይበጥሳል፣ ሩጫ መሐልም ይፈነዳል። የወረደውን ጭራ ሦስት ቦታ ከፍሎ ይጎነጉንና ጫፉን በሁለተኛ ላስቲክ ይዘጋል። ሳይጎነጎን የተለቀቀ ጭራ በላብ ተጣብቆ ፊት ላይ ይለጠፋል፣ ለጎታችም ይመቻል። ከትከሻ በታች የሚወርድ ከሆነ ጉንጉኑን ወደ ላይ አጥፎ በዚያው በላይኛው ላስቲክ ማስያዝ ነው። ማልያ ውስጥ መክተት የሚመርጡ አሉ። እኛ አንመክርም፤ ተከላካይ ማልያ ሲይዝ ፀጉሩም አብሮ ይጎተታል፣ አንገትም ወደ ኋላ ይቀለበሳል።

የቋጠሮው ቦታ ቀላል ነገር አይምሰላችሁ። አናት ላይ ከፍ ብሎ የተቋጠረ ፀጉር የተሳሳተ ቴስታን ወዳላሰባችሁት አቅጣጫ ይልካል። ማጅራት ላይ የተቋጠረ ትልቅ ቋጠሮ ደግሞ በጀርባ ስትወድቁ አገጭን ወደ ደረት ይገፋል። በረኞች በጀርባ መውደቅ ስለሚበዛባቸው ለእነሱ ቋጠሮ ጨርሶ አይሆንም፤ ጠፍጣፋ ሹሩባ ወይም ሁለት ጎን ለጎን የተጎነጎነ ፀጉር ይሻላቸዋል።

ለድሬድ፣ ከፊት ካሉት 4 ወይም 5 ድሬድ ወስዳችሁ በቀሪው ዙሪያ ጠምጥማችሁ እሰሩ፤ ላስቲክ ብቻውን ክብደቱን አይችልም። የክረምት ዝናብ ሲመታው ድሬድ ውኃ ይጠጣና ይከብዳል፣ ማሰሪያውም ይላላል። በእረፍት ሰዓት በፎጣ ጨምቃችሁ እንደገና እሰሩ። ቤት ስትገቡ ውስጡ ሳይደርቅ አስራችሁ አትተኙ፤ ይሻግታል፣ ሽታውም በቀላሉ አይለቅም።

ጎፈሬ ላለው ሰው የሚያስፈልገው ግንባር ላይ የሚታሰር ጨርቅ ብቻ ነው። ከአሮጌ ስቶኪንግ ሦስት ጣት የሚያህል ስፋት ቆርጣችሁ ብታጠልቁት ከተገዛው አይተናነስም፤ ስፌት የለውም።

ጭንቅላትን ሙሉ የሚሸፍን ልብስ አይፋብ እ.ኤ.አ. በ2014 ፈቅዷል። ጥቁር ወይም ከማልያው ዋና ቀለም ጋር አንድ መሆን አለበት። ማልያው ላይ መሰፋት የለበትም፤ አንገት ላይ የሚቆለፍ አደገኛ ነገርም ሆነ ወጣ ያለ ጫፍ አይኑረው። የሞሮኮዋ ኑሃይላ ቤንዚና በ2023 የሴቶች ዓለም ዋንጫ ሂጃብ ለብሳ የተጫወተችው በዚህ ደንብ ነው። ስለዚህ የታዳጊ ዳኛ ሂጃብ ያደረገችን ልጅ ከሜዳ የሚመልስበት ምክንያት የለም።

ቅቤና ጄል

ቅቤ ለፀጉር ጥሩ ነው፤ በጨዋታ ቀን ግን አይሆንም። ፀሐይና ላብ ሲያገኘው ይቀልጥና በግንባር ወርዶ ዓይን ውስጥ ይገባል። በእጃችሁ ስትጠርጉት ወደ ኳሱ ይሄዳል፣ ለውርወራና ለበረኛ ጓንት ያዳልጣል። ጨዋታው እሑድ ከሆነ ዓርብ ማታ ተቀቡና ቅዳሜ በሻምፖ ታጠቡ። ጄልም ዓይን ያቃጥላል፤ የግድ ካላችሁ ከግንባር ሁለት ጣት ወደ ኋላ ገብታችሁ ጥቂት ብቻ ተቀቡ።

ከማሟሟቅ ጋር የሚደረግ ፍተሻ

አስራችሁ ስትጨርሱ ጭንቅላታችሁን ወደ ግራና ቀኝ 10 ጊዜ አራግፉ፣ 20 ሜትር በሙሉ ኃይል ሩጡ፣ ከጓደኛችሁ ጋር 5 ቴስታ ግጩ። በዚህ መሐል እጃችሁ አንዴ እንኳ ወደ ፀጉራችሁ ከሄደ ፍቱና እንደገና እሰሩ። ኮርና ሲመታ ፀጉሩን የሚያስተካክል ተከላካይ የሚይዘውን ሰው ያጣል።

ዳኛ በበኩሉ የተጫዋች ፀጉር ውስጥ እጁን አያስገባም። «ጭንቅላትሽን አራግፊ» ብሎ ማድመጥ ይበቃዋል፤ ዶቃና ብረት ይንኳኳሉ። የተገኘውን ያስወልቃል። ማውለቅ ያልቻለ ወይም ያልፈለገ ተጫዋች ጨዋታው ሲቆም ይወጣል። እምቢ ካለ ወይም መልሶ ካደረገው ቢጫ ካርድ ነው።

ፀጉር ሲጎተት

በኃይል ፀጉር መጎተት በቀይ ካርድ ያስወጣል። የሳውዝሃምፕተኑ ጃክ ስቲቨንስ እ.ኤ.አ. በ2024 መጨረሻ ከቼልሲ ጋር ሲጫወቱ ኮርና ላይ የማርክ ኩኩሬላን ፀጉር ጎትቶ በቫር (በቪዲዮ ረዳት ዳኛ) ተባረረ። ይኸው የቼልሲው ኩኩሬላ በ2022 ቼልሲ ከቶተንሃም ጋር ሲጫወት በቶተንሃሙ ክሪስቲያን ሮሜሮ ሲጎተት ግን ዝም ተብሎ ነበር፤ ቀጥሎ በተመታው ኮርና የቶተንሃሙ ኬን አቻ አድርጓል።

ለተጎተተው ሰው የሚሰጠው ምክር አንድ ነው፦ እጃችሁን አታንሱ። እ.ኤ.አ. በ2016 የሌስተሩ ሮበርት ሁት የማርዋን ፌላይኒን ፀጉር ጎተተ፣ ፌላይኒ በክርን መለሰ፤ ሁለቱም 3 ጨዋታ ተቀጡ። ቁሙ፣ ማሰሪያችሁ የተፈታ ከሆነ እንደተፈታ ተዉት፣ አምበሉ ዳኛውን ያናግር።

ጭንቅላቱን ተመትቶ የወደቀ ተጫዋች ሲያጋጥም ደግሞ ደም በወፍራም ፀጉር ውስጥ ተደብቆ ሊቆይ ስለሚችል ፀጉሩን በጣት እየከፈላችሁ እዩ። አንገቱን ይጎዳው ይሆናል ብላችሁ ከጠረጠራችሁ ግን ቋጠሮውን ለመፍታት ብላችሁ ጭንቅላቱን አታንቀሳቅሱት።

ለክለብ ደንብ የሚሆን ጽሑፍ

ደንብ መጻፍ ለሚፈልግ አሰልጣኝ ይህ ይበቃዋል፦ «ማንኛውም የፀጉር ርዝመትና አሠራር ይፈቀዳል። ከትከሻ በታች የሚወርድ ፀጉር ለልምምድም ለጨዋታም ይታሰራል። ማሰሪያው ጨርቅ ወይም ለስላሳ ላስቲክ ብቻ ይሆናል። ዓይን የሚሸፍን ፀጉር ወደ ኋላ ይያዛል።» ለወንድም ለሴትም አንድ ዓይነት ይሁን። ወላጅና ልጅ የሚፈርሙበትም በምዝገባ ቀን እንጂ በጨዋታው ጠዋት አይሁን፤ ዶቃ የተሰካበት ሹሩባ በሩብ ሰዓት ተፈትቶ አያልቅም።