ልጅን ይዞ ወደ ቤተ መጻሕፍት ኮምፒውተር፦ ከአራት ኪሎ እስከ ቤት

የእህቴ ልጅ ስምንት ዓመቷ ነው። አንድ ቅዳሜ አራት ኪሎ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ይዣት ሄጄ ኮምፒውተር ፊት ሳስቀምጣት፣ ፊደል በፊደል እየለቀመች «ፀሐይ» ብላ ጻፈች። ምንም አልመጣም። «ተረት የለም ማለት ነው?» አለችኝ። ተረቱ ነበረ፤ ርእሱ የተጻፈው ግን በ«ጸ» ነበር። ከዚያን ቀን ወዲህ የያዝኩትን መንገድ እነሆ።

ከቤት ሳይወጡ፦ ከልጅዎ ጋር አንድ ጥያቄ ይያዙ። «ምን ማንበብ ትፈልጋለህ?» ካሉት ትከሻውን ይሰብቃል። «ጅብ ለምን ይስቃል?» ዓይነት ጥያቄ ግን በሩን ያስከፍታል። መታወቂያዎን፣ የጆሮ ማዳመጫ እና ባትሪው የሞላ ስልክ ይያዙ። ፍላሽም አይከፋም፤ ከመሰካትዎ በፊት ግን ይጠይቁ።

እዚያ ሲደርሱ፦ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ከፓርላማው ፊት ለፊት ነው። ታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ዓ.ም. ተመርቆ ሲከፈት ለልጆች የራሳቸው ክፍል ነበራቸው። ብዙ ሰው በቀጥታ ኮምፒውተሩ ላይ ይቀመጥና ግማሽ ሰዓት ያባክናል። እርስዎ አስቀድመው ባለሙያውን ሁለት ነገር ይጠይቁ፦ ልጅ የሚጠቀምበት ኮምፒውተር የትኛው ነው? ከግቢው ውጭ በኢንተርኔት የማይከፈቱ የመጻሕፍት ስብስቦች አሉ? ካሉ ጊዜዎን ለእነሱ ይስጡ፤ ለማንም ክፍት የሆነው እቤትም ይነበባል።

ክፍት ከሆኑት ውስጥ በአማርኛ የልጆች ታሪክ የሚገኝባቸው ሁለት ድረ ገጾች አፍሪካን ስቶሪቡክ እና ስቶሪዊቨር ናቸው። ሁለተኛውን የከፈተው ፕራታም ቡክስ የተባለ የሕንድ አሳታሚ ነው፤ ዘመኑም እ.ኤ.አ. 2015። ገጹን እንደከፈቱ ከቋንቋዎች ዝርዝር አማርኛን ይምረጡ፤ አለዚያ የእንግሊዝኛው ብዛት ልጁን ያስጨንቀዋል። ስቶሪዊቨር ታሪኮቹን በአራት ደረጃ ከፍሏቸዋል፤ የመጀመሪያው ከ250 ቃላት በታች ነው። ልጅዎ ይችላል ብለው ከገመቱት አንድ ደረጃ ዝቅ ብለው ይጀምሩ። ሦስት ቀላል ታሪክ የጨረሰ ልጅ አራተኛውን ራሱ ይመርጣል።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ በስቶሪዊቨር ማንም ተጠቃሚ መተርጎም ይችላል። ስለዚህ አንዳንዱ አማርኛ ወዝ የለውም፤ ቃላቱ አማርኛ ሆነው አነጋገሩ የባዕድ ነው። ሁለት ገጽ አስቀድመው ያንብቡና ጆሮዎን ከቆረቆረው ይለፉት።

አሁን ወደ ፍለጋው። አብዛኛው ብስጭት የሚመጣው ከዚህ ስለሆነ እዚህ ላይ አልቸኩልም። ሀ፣ ሐ እና ኀ፣ ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀ ለጆሯችን ስልቻ ቀልቀሎ፣ ቀልቀሎ ስልቻ ናቸው። ለኮምፒውተሩ ግን እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ቁጥር ያላቸው የተለያዩ ፊደላት ናቸው። አንዳንድ መፈለጊያ አቻችሎ ያያቸዋል፤ ብዙው አያይም። ስለዚህ ወረቀት አውጥተው ቃሉን በሚቻለው ሁሉ ይጻፉት፦ ፀሐይ፣ ፀሀይ፣ ፀሃይ፣ ጸሐይ፣ ጸሀይ። ከዚያ ልጁ አንድ በአንድ ይሞክር፣ ያልሠራውን ይሰርዝ። የእህቴ ልጅ አራተኛው ላይ ስታገኘው ያወጣችው ድምፅ ጎረቤት አንባቢዎችን ሁሉ አስዞረ።

ሁለተኛው ወጥመድ የቃል መጨረሻ ነው። «ጅብ» ብለው ሲፈልጉ «ጅቡ» እና «ጅቦች» ላይመጡ ይችላሉ፤ ቅጥያው ሲጨመር የመጨረሻው ፊደል ራሱ ስለሚለወጥ ነው። «ብ» «ቡ» ሲሆን ለማሽኑ ሌላ ፊደል ነው። በአንጻሩ «ጦጣ» ብለው ቢጽፉ «ጦጣዋ» እና «ጦጣና» ሊገኙ ይችላሉ፤ «ጣ» አልተነካችም። ይህን ለልጅ ማስረዳት ከባድ ይመስላል፤ ፊደል ገበታውን ከፊቱ ካስቀመጡለት ግን ቶሎ ይገባዋል።

ተረት የማይወድ ልጅም አለ። እንዲህ ላለው «ድንቅነሽ» የሚለውን ስም እንዲፈልግ ይስጡት፤ ቀጥሎም «ሉሲ» ብሎ ይፈልግና ሁለቱ አንድ መሆናቸውን ራሱ ይድረስበት። በ1967 ዓ.ም. አፋር ሐዳር ላይ መገኘቷንና 3.2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ እንደሆናት ካነበበ በኋላ ወደ ስድስት ኪሎ በሚወስደው መንገድ ብሔራዊ ሙዚየም ድረስ በእግር ይውሰዱት። ስክሪን ላይ ያያት ድንቅነሽ ትንሽዬ መሆኗን ሲያይ የሚጠይቀውን ጥያቄ ለመመለስ ይዘጋጁ።

ከመውጣትዎ በፊት የወደዳችኋቸውን ታሪኮች እዚያው ስልክዎ ላይ ያውርዱ፤ የቤተ መጻሕፍቱን ዋይፋይ መጠቀም የሚቻል ከሆነ የሞባይል ዳታዎ ይተርፋል። በፒዲኤፍ ፋይል ያወረዱት እቤት ያለ ኢንተርኔት ይከፈታል። በሁለቱም ድረ ገጾች ያሉት ታሪኮች መጨረሻቸው ላይ የአጠቃቀም ፈቃዳቸውን ይገልጻሉ፤ ማባዛት ከፈቀደ ፎቶ ኮፒ ቤት አሳትመው መስፋት ይችላሉ። ኢሜይልዎን ከፍተው ከነበረ ዘግተው ይውጡ፤ ወንበሩ ላይ ቀጥሎ የሚቀመጠው ሌላ ሰው ነው።

ለወረዱት ታሪኮች ስም የሚያወጣው ልጁ ይሁን፤ በኋላ የሚፈልጋቸው እሱ ነውና። የእህቴ ልጅ የመጀመሪያውን «በሌላኛው ጸ» ብላ ሰይማዋለች።