የቤላሩስን የቋንቋ ጉዳይ በንባብ ክበብ ለማወያየት

በባሕር ዳር የንባብ ክበባት ውስጥ ስለ ቋንቋ፣ ማንነትና አምባገነን አገዛዝ ውይይት ለመምራት ለምታስቡ ሁሉ፣ ከቀድሞዋ ሶቪየት ኅብረት አገሮች ቤላሩስን እንድትመርጡ እመክራለሁ።

ውይይቱን በታሪክ ገለጻ አትጀምሩ። ለእያንዳንዱ ተሳታፊ ቁራጭ ወረቀት አድላችሁ፣ ስም ሳይጻፍበት ሁለት ጥያቄ እንዲመልስ አድርጉ፦ የአፍ መፍቻ ቋንቋችሁ የትኛው ነው? ቤታችሁ ውስጥ አዘውትራችሁ የምትናገሩትስ? መልሶቹን በሰሌዳ ላይ ጎን ለጎን ቁጠሩ። እኔ በመራሁት ውይይት ላይ፣ በአንዱ ወረቀት «አዊኛ» ተብሎ ተጽፎ፣ ተሰርዞ፣ ከሥሩ እንደገና «አዊኛ» ተብሎ ተጽፎ አገኘሁ፤ ያ ስርዝ ግማሽ ሰዓት አነጋገረን።

የቤላሩስን ቁጥር ከዚያ በኋላ አምጡት። በአገሪቱ የሕዝብ ቆጠራ ተመሳሳይ ሁለት ጥያቄዎች ቀርበው፣ እ.ኤ.አ. በ1999 (ዓመታቱ ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ከሕዝቡ 73 ከመቶ ያህሉ ቤላሩስኛን የአፍ መፍቻ ቋንቋዬ ሲል፣ ቤቱ ውስጥ የሚናገረው ግን 37 ከመቶ ያህል ነበር፤ በ2009 ቁጥሮቹ ወደ 53 እና 23 ከመቶ ወርደዋል።

ከዚያ ሕጉን አንብቡ፤ ዋናው ነገር ያለው እዚህ ነው። በ1990 የወጣው ሕግ ቤላሩስኛን ብቸኛ የመንግሥት ቋንቋ አድርጎት ነበር። በ1994 ሥልጣን የያዙት አሌክሳንደር ሉካሼንኮ በዓመቱ፣ በግንቦት 1995፣ ሕዝበ ውሳኔ አካሂደው ሩሲያኛን እኩል ቋንቋ አደረጉ፤ በዚያው ሕዝበ ውሳኔ ነጭ፣ ቀይ፣ ነጭ የሆነው ሰንደቅ ዓላማም ተለወጠ። ቋንቋና ሰንደቅ ዓላማ ለምን በአንድ ቀን ለድምፅ እንደቀረቡ ጠይቁ። በ1998 የተሻሻለው የቋንቋ ሕግ ደግሞ «ቤላሩስኛ እና (ወይም) ሩሲያኛ» ይላል። ይህችን «ወይም» በሰሌዳው ላይ ጽፋችሁ አስምሩባት፤ ቋንቋው ሳይከለከል፣ መሥሪያ ቤቱ ሩሲያኛን ብቻ እንዲጠቀም በር የከፈተችለት እርሷ ናትና።

አንድ ስሕተት ተከላከሉ። ሩሲያኛ የሚናገር ሁሉ የአገዛዙ ደጋፊ ነው የሚል ድምዳሜ ቶሎ ይመጣል፤ በ2020 ያንኑ ነጭ፣ ቀይ፣ ነጭ ሰንደቅ ዓላማ ይዘው አገዛዙን በመቃወም አደባባይ ከወጡት ብዙዎቹ ግን ሩሲያኛ ተናጋሪዎች ነበሩ። አገዛዙ የሚያሳድደው የተደራጀውን ነው፦ በ1989 የተመሠረተውን የቤላሩስኛ ቋንቋ ማኅበር በ2021 በፍርድ ቤት አፍርሶታል።

የሁለቱ ቋንቋዎች ድብልቅ የሆነው አነጋገር ትራስያንካ ይባላል፤ ቃሉ ድርቆሽ ከጭድ ጋር ተደባልቆ የሚሰጥ የከብት መኖ ማለት ነው። በጎጃም ገበሬ ቤት ያደገ ሰው ይህንን መኖ በእጁ ያውቀዋል፤ የእናቱ አነጋገር በዚህ ስም ቢጠራ ምን እንደሚሰማው ይናገር።

ጊዜ ካላችሁ ወደ ጣና ዳርቻ ውረዱ። የደንገል ታንኳ የሚሠሩት የነገደ ወይጦ ሰዎች የቀድሞ ቋንቋቸው ጠፍቶ ዛሬ አማርኛ ይናገራሉ፤ ወይጦነታቸው ግን አልጠፋም። ፈቃደኛ የሆኑ አባት ካገኛችሁ አክብራችሁ በእንግድነት ጥሯቸው እንጂ ለማሳያ አታቅርቧቸው፤ የእነርሱን ታሪክ ከቤላሩስ ጋር አንድ ነው አትበሉ፣ ምክንያቱ የተለያየ ነውና።

ስትጨርሱ ወረቀቶቹን በተሳታፊዎቹ ፊት ቅደዱ። ሰው የአፍ መፍቻ ቋንቋውን የጻፈበት ወረቀት በማንም ኪስ ማደር የለበትም።