ከአነስተኛ የፖም እርሻ የመጣ ሲደር ሲቀምሱ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ሲደር የፖም ጭማቂ በእርሾ ተብላልቶ የሚሠራ መጠጥ ሲሆን፣ የአልኮል መጠኑም አብዛኛውን ጊዜ ከ4 እስከ 8 በመቶ ነው። በመሃል አዲስ አበባ በቀላሉ የሚገኘው በፋብሪካ የተመረተው ጣፋጩ ዓይነት ነው፤ ከአነስተኛ የኦርጋኒክ እርሻ የተገኘው ግን በአብዛኛው የሚደርሰን ከእንግሊዙ ሄርፎርድሺር ወይም ከፈረንሳዩ ኖርማንዲ በሚመለስ ዘመድ ሻንጣ ነው። የእንዲህ ያለው ጠርሙስ ዋጋ የፖሙን ዝርያና የዓመቱን ምርት ጠባይ ሳይሸፍን ማሳየቱ ነው። በአቀማመስ ላይ የምንፈጽማቸው ስህተቶች ደግሞ የሚጋርዱብን ይህንኑ ነው።

ከሁሉም የሚከፋው ስህተት መጠጡን በጣፋጭነቱ መመዘን ነው። ለስላሳ ጠጅ የለመደ ሰው ደረቅ፣ ማለትም ጣፋጭነት የሌለው፣ ሲደር ሲቀርብለት «ተበላሽቷል» ብሎ ብርጭቆውን ያስቀምጣል። እርሾው በጭማቂው ውስጥ ያለውን ስኳር በልቶ ከጨረሰ መጠጡ ደረቅ መሆኑ የግድ ነው፤ በብዙ የፋብሪካ ምርቶች ላይ የምናገኘው ጣፋጭነት ከተብላላ በኋላ የተጨመረ ነው። ስለዚህ በመጀመሪያው ጉንጭ ስኳር ከመፈለግ ይልቅ ሁለት ነገሮችን ለይቶ ማዳመጥ ይገባል፦ በምላስ ላይ የሚሰማውን የአሲድ ጉምዝዝታና ከዋጡ በኋላ ድድንና ጉንጭን የሚያደርቀውን ታኒን። እ.ኤ.አ. በ1903 በብሪስቶል አቅራቢያ የተቋቋመው የሎንግ አሽተን የምርምር ተቋም የሲደር ፖሞችን በአራት ምድብ የከፈለው በእነዚሁ ሁለት መመዘኛዎች ነው፤ የጭማቂው አሲድ ከ0.45 በመቶ፣ ታኒኑ ደግሞ ከ0.2 በመቶ በላይ መሆን አለመሆኑ ምድቡን ይወስናል። ዳቢኔት የተባለው ዝርያ አሲዱ አነስተኛ፣ ታኒኑ ግን ከፍተኛ ነው፤ ኪንግስተን ብላክ ሁለቱንም አጣምሮ ይዟል። እኛ የምናውቀው የጨንቻ ፖም ለመብል የሚተከል በመሆኑ ጣፋጭና ጎምዛዛ ነው እንጂ አፍ የሚያደርቅ አይደለም፤ ያንን ጣዕም ይዞ ሲደርን መገመት ያሳስታል። ታኒኑን ከጌሾ ምሬት ጋር ማምታታትም አይገባም። የጌሾው ምሬት በምላስ ላይ የሚቀር ጣዕም ሲሆን፣ ታኒን ግን በአፍ ውስጥ የሚሰማ ድርቀት ነው።

ሁለተኛው ስህተት ጠርሙሱን ከጉዞ እንደመጣ መክፈት ነው። በአንዳንድ አነስተኛ እርሻዎች ሲደሩ መብላላቱን የሚጨርሰው በጠርሙሱ ውስጥ ስለሆነ ጋዙም ዝቃጩም እዚያው ይገኛሉ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,350 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የምትገኝ በመሆኗ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው በሩብ ያህል ያንሳል፤ ጠርሙሱ ሲከፈት ጋዙ በኃይል የሚወጣውና አረፋው የሚገነፍለው አንድም በዚህ ምክንያት ነው። ጠርሙሱን ለጥቂት ቀናት ቀጥ አድርጎ ማቆም፣ ማቀዝቀዣ ውስጥ በሚገባ ማቀዝቀዝ፣ ቡሹንም በእጅ ይዞ ቀስ በቀስ ማላላት ያስፈልጋል። ሲቀዳም ብርጭቆውን ዘንበል አድርጎ፣ ጠርሙሱን በየመሃሉ ቀና ሳያደርጉ ለሁሉም በአንድ ጊዜ ማዳረስ ዝቃጩ እንዳይነሣ ይረዳል።

ቀዝቅዞ መከፈቱ ግን ቀዝቅዞ ይቀመሳል ማለት አይደለም። ከማቀዝቀዣ በወጣበት ሁኔታ መዓዛው ይታፈናል፣ ታኒኑም ከልኩ በላይ ይሻክራል፤ ከተቀዳ በኋላ 10 ወይም 12 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እስኪደርስ መጠበቅ ይገባል። ብርሌ ለጠጅ የተገባ ዕቃ ቢሆንም እስከ አንገቱ ስለሚሞላ መዓዛው የሚሰበሰብበት ቦታ አይተርፍም። የወይን ብርጭቆን እስከ ሲሶው ቀድቶ ማሽተት ይሻላል።

ቅምሻውን ከቡና ሥነ ሥርዓት ጋር ማጣመር ለእንግዳ አክብሮት ቢመስልም ሌላው ስህተት ነው፤ የቡናውና የዕጣኑ ሽታ የሲደሩን መዓዛ ይሸፍነዋል። በአራት ኪሎ ወይም በፒያሳ አካባቢ በሚገኝ የጋራ መኖሪያ ቤት የጎረቤት ቡና ሲቆላና ዕጣን ሲጨስ ሽታው በደረጃው በኩል ዘልቆ ስለሚገባ፣ የራስዎን ቡና ወደ ኋላ ማቆየት ብቻ ሳይሆን በሩን ዘግቶ መስኮቱን መክፈትም ያስፈልጋል።

የድፍርስነትን ነገር በአጭሩ ማለፍ ይቻላል፤ ያልተጣራ ሲደር ቢደፈርስ ጉድለት አይደለም። ጥንቃቄ የሚሻው በተቃራኒው «ኦርጋኒክ ስለሆነ እንዲህ መሽተቱ ያለ ነው» ብሎ እውነተኛ ብልሽትን መቀበል ነው። ኦርጋኒክ የሚለው ስም በዋናነት የሚናገረው ዛፉ ስለተያዘበት መንገድ ነው፤ እንዳይበላሽ የሚጨመረው ሰልፋይትም ቢሆን በተወሰነ መጠን ሊጨመርበት ስለሚችል ስሙ ለሁሉ ነገር ዋስትና አይሆንም። ጠንከር ያለ የኮምጣጤ ወይም የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ሽታ ካለው መጠጡ አየር ገብቶበታል። የበሰበሰ እንቁላል የሚመስል ሽታ ግን ብርጭቆውን ጥቂት ሲያዞሩት ብዙ ጊዜ ስለሚጠፋ ለመፍረድ አይቸኩሉ። ለመለየት የሚያስቸግረው የአይጥ ጠረን የሚባለው ጉድለት ነው፤ በመጠጡ አሲድ ምክንያት በአፍንጫ አይታወቅም፣ ከዋጡ በኋላ ምራቅ አሲዱን ሲቀንሰው ግን ከጉሮሮ ተመልሶ ይመጣል። ጨርሶ የማይሰማቸው ሰዎችም ስላሉ፣ በዚህ ጉዳይ የአንድ ሰው ምላስ ብቻውን ዳኛ ሊሆን አይገባም። ከእያንዳንዱ ጉንጭ በኋላ ጥቂት መቆየትም ያስፈልጋል።

የመጨረሻው ስህተት በቅደም ተከተልና በምግብ ላይ ይታያል። ከጣፋጩ ጀምሮ ወደ ደረቁ መሄድ ደረቁን ያለ ጥፋቱ ኮምጣጣ ያስመስለዋል፤ ከደረቁ ተነሥቶ ጣፋጩን ማሳረጊያ ማድረግ ይገባል። በመሃል አፍ ለማጽዳት ውኃና ያልተቀመመ ዳቦ ይበቃል። በርበሬ የበዛበት ወጥ ከሲደሩ ጋር ከቀረበ አልኮሉና ጋዙ ማቃጠሉን ስለሚያብሱት ከፖሙ ጣዕም ምንም አይተርፍም። ታኒን የበዛበት ሲደር የሚስማማው ከቅባት ጋር ስለሆነ፣ ቅምሻው አልቆ ወደ ማዕድ ሲቀርቡ ሚጥሚጣው የተቀነሰ ለብለብ ክትፎ ከአይብ ጋር ያቅርቡለት።